አንድ ጥሪ፣ ሁለት መልስ፦ በሲ ቋንቋ የወላጅና የልጅ ሂደቶች አፈጣጠርና በስሌት ምርምር ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ

መግቢያ

በስሌት ላይ የተመሠረተ ምርምር የሚያካሂዱ ተመራማሪዎች ረጅም ጊዜ የሚወስድ ፕሮግራምን ለማፍጠን ከሚከተሏቸው መንገዶች አንዱ ሥራውን ለበርካታ ሂደቶች ማከፋፈል ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ ሥርዓተ ክወናዎች ይህ የሚከናወነው ፎርክ በተባለው የሥርዓት ጥሪ አማካይነት ነው። ጥሪውን ያደረገው ሂደት ወላጅ፣ በጥሪው የተፈጠረው አዲስ ሂደት ደግሞ ልጅ ይባላል። ጥሪው ምንም ግቤት አይቀበልም፤ የሚመልሰውም አንድ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። በሲ ቋንቋ ከሚጻፉ ጥሪዎች መካከል ከዚህ ያጠረ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ የጥሪው አጭርነት የሥራውን ክብደት አያሳይም። የሚከተለው ምሳሌ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ፕሮግራም የፓይን ዋጋ በሞንቴ ካርሎ ዘዴ ይገምታል። ጎኖቹ 1 በሆኑ ካሬ ውስጥ የዘፈቀደ ነጥቦችን ይጥላል፤ ከነጥቦቹ ስንቶቹ በሩብ ክቡ ውስጥ እንዳረፉ ይቆጥራል፤ ድርሻውንም በ4 በማባዛት ግምቱን ያገኛል። ሥራው ለአራት ልጆች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ልጅ 1,000,000 ነጥብ እንዲጥል ተደርጓል። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ይጠናቀቃል፤ ግምቱም ወደ 3.14 የተጠጋ ነው። ተመራማሪው በጠቅላላው 4,000,000 ነጥብ እንደተጣለ በመቁጠር የግምቱ መደበኛ ስሕተት 0.0008 ገደማ ነው ብሎ ይመዘግባል። እውነታው ግን ሌላ ነው። አራቱ ልጆች የጣሉት ተመሳሳይ ነጥቦችን በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነው። ናሙናው 1,000,000 እንጂ 4,000,000 አይደለም፤ ትክክለኛው መደበኛ ስሕተትም 0.0016 ገደማ፣ ማለትም ከተመዘገበው እጥፍ ነው።

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ኮምፓይለሩ ሊያስጠነቅቅበት የሚችል ጉድለት የለም። ውጤቱም በዓይን ሲታይ የሚያጠራጥር አይደለም። ስሕተቱ የመነጨው ልጁ ከወላጁ ምን እንደወረሰ ካለማስተዋል ነው። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፎርክን አሠራር በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ማብራራት ነው፦ ልጁ ሲፈጠር ምን ይወርሳል? በሕይወት ሳለ ከወላጁ ጋር ምን ይጋራል? ሲያበቃስ ለወላጁ ምን ይተዋል? ከላይ የቀረበው የፓይ ግምት ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ማሳያ ያገለግላል።

የፎርክ አመጣጥና መሠረታዊ አሠራር

ፎርክ የሚለውን ሐሳብ ሜልቪን ኮንዌይ በ1963 ባቀረበው ጥናት ውስጥ አስተዋውቆታል። በኋላም በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጂኒ የተባለው ጊዜ አጋሪ ሥርዓት ተግባራዊ አድርጎታል። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን በፒዲፒ-7 ኮምፒውተር ላይ ሲገነቡ ይህንኑ ሐሳብ ወሰዱ። ሪቺ ስለ ዩኒክስ ዕድገት በጻፈው ታሪክ ላይ እንደገለጸው በዚያ ማሽን ላይ ፎርክን ለመጨመር ያስፈለገው 27 መስመር የአሴምብሊ ኮድ ብቻ ነበር። ፎርክ ነባሩን ሂደት በመገልበጥ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ አዲስ ሂደት ከባዶ መገንባት አላስፈለገም። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ችግሮች በአብዛኛው የዚሁ ምርጫ ውጤቶች ናቸው።

ፎርክ በተጠራ ጊዜ ከርነሉ የጠሪውን ሂደት ቅጂ ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሂደቶች አንድን ፕሮግራም ከአንድ ስፍራ፣ ማለትም ከጥሪው ቀጥሎ ካለው ትእዛዝ ጀምሮ ያስኬዳሉ። ልጁ ፕሮግራሙን ከዋናው ፈንክሽን መጀመሪያ እንደገና አይጀምርም። ሁለቱን የሚለያቸው ጥሪው የመለሰው ቁጥር ነው። በልጁ በኩል የሚመለሰው 0 ሲሆን በወላጁ በኩል የሚመለሰው የልጁ መለያ ቁጥር ነው። ልጁን መፍጠር ካልተቻለ ልጅ የለም፤ ወላጁ አሉታዊ 1 ይቀበላል። ስለዚህ ፎርክን የሚጠራ ፕሮግራም ሁልጊዜ ሦስት ቅርንጫፍ ሊኖረው ይገባል፦ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለወላጁ፣ አንዱ ለውድቀቱ።

የመልሱ አቀማመጥ ምክንያት አለው። አንድ ወላጅ ብዙ ልጆች ሊኖሩት ስለሚችል የእያንዳንዱን መለያ ቁጥር በተፈጠረበት ቅጽበት ካልተቀበለ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። ልጁ ግን ያለው ወላጅ አንድ ነው፤ የወላጁን ቁጥር በፈለገ ጊዜ ከርነሉን ጠይቆ ማግኘት ይችላል። ለዚህም ነው 0 የሚበቃው።

ልጁ የወላጁን ኮድ እንደሚቀጥል አለማስታወስ የመጀመሪያውን የተለመደ ስሕተት ያስከትላል። በፓይ ግምት ፕሮግራሙ ውስጥ አራት ልጆችን ለመፍጠር ፎርክ በአራት ዙር ሉፕ ውስጥ ይጠራል። የልጁ ቅርንጫፍ ሥራውን ሲጨርስ ሂደቱን ካላቋረጠ ልጁም በተራው ወደ ሉፑ ተመልሶ የቀሩትን ዙሮች ይቀጥላል፤ የራሱንም ልጆች ይወልዳል። በእያንዳንዱ ዙር የሂደቶቹ ቁጥር እጥፍ ስለሚሆን በመጨረሻ የሚገኙት አምስት ሂደቶች ሳይሆኑ 16 ናቸው። ዙሮቹ አሥር ቢሆኑ ኖሮ ቁጥሩ 1,024 ይደርስ ነበር። ብዙ ተማሪዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ሰርቨር ላይ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚጎዳው ጻፊውን ብቻ አይደለም። መፍትሔው የልጁን ቅርንጫፍ መጨረሻ ሁልጊዜ በማቋረጫ ጥሪ መዝጋት ነው።

የተቀዳ ማህደረ ትውስታ

ልጁ ከወላጁ የሚወርሰው ዋነኛ ሀብት የማህደረ ትውስታው ይዘት ነው። ተለዋዋጮች፣ ስታኩ፣ በማሎክ የተያዙ ቦታዎች ሁሉ ፎርክ በተጠራበት ቅጽበት በነበሩበት ሁኔታ በልጁ ዘንድ ይገኛሉ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ልጁ የአንድን ተለዋዋጭ ዋጋ ቢለውጥ ወላጁ ለውጡን አያይም፤ ወላጁ ቢለውጥም ልጁ አያይም። ሁለቱ የተለዋዋጩን አድራሻ ቢያሳትሙ ያው ቁጥር ይታያል፤ ይህም ብዙ ጀማሪዎችን ያሳስታል። የታተመው አድራሻ እያንዳንዱ ሂደት ለብቻው የሚያየው ምናባዊ አድራሻ በመሆኑ የአንዱ አድራሻ ከሌላው ጋር መመሳሰሉ ቦታው አንድ ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አራቱ ልጆች የቆጠሩትን የነጥብ ብዛት በአንድ የጋራ ተለዋዋጭ ላይ ቢደምሩ ወላጁ በመጨረሻ የሚያገኘው 0 ነው። እያንዳንዱ ልጅ የደመረው በራሱ ቅጂ ላይ ነው፤ ቅጂውም ከልጁ ጋር ይጠፋል። ውጤቱን ወደ ወላጁ ለማድረስ በግልጽ የተዘረጋ መንገድ ያስፈልጋል።

ከርነሉ ማህደረ ትውስታውን ወዲያውኑ አይገለብጥም። ዘመናዊ ሥርዓቶች የሚከተሉት ዘዴ ሲጻፍበት ብቻ የመቅዳት ዘዴ ነው። ፎርክ ሲጠራ የሁለቱ ሂደቶች የገጽ ሠንጠረዦች ወደ አንድ አካላዊ ቦታ እንዲያመለክቱ ይደረጋል፤ ገጾቹም ለንባብ ብቻ ተብለው ይመዘገባሉ። ከሁለቱ አንዱ በአንድ ገጽ ላይ ለመጻፍ ሲሞክር ከርነሉ ያንን ገጽ ብቻ ይገለብጥለታል። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ የአንድ ገጽ መደበኛ መጠን 4,096 ባይት ነው። ወላጁ 2 ጊጋባይት ዳታ ቢይዝ ዳታው 524,288 ገጽ ይሆናል፤ ልጆቹ ዳታውን የሚያነቡት ብቻ ከሆነ ግን ከእነዚህ ገጾች አንዱም አይገለበጥም።

ይህ ለተመራማሪ ጥቅም አለው። ትልቅ የዳታ ስብስብ ከፎርክ በፊት አንድ ጊዜ ቢነበብ አራቱም ልጆች ያለ ተጨማሪ የማህደረ ትውስታ ወጪ ይጠቀሙበታል። በአንጻሩ ልጆቹ ዳታውን በቦታው ላይ የሚያስተካክሉት ከሆነ ቁጠባው ይጠፋል፤ የማህደረ ትውስታው ፍጆታም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሥራው እየገፋ ሲሄድ ቀስ በቀስ ያድጋል። ፕሮግራሙ በጥሩ ሁኔታ ጀምሮ ከሰዓታት በኋላ በማህደረ ትውስታ እጥረት የሚቋረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተወረሰ የዘፈቀደ ቁጥር

በመግቢያው የቀረበው ስሕተት መነሻ አሁን ግልጽ ይሆናል። የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ በእውነቱ የዘፈቀደ ነገር የለውም። በማህደረ ትውስታ ውስጥ የተቀመጠ ሁኔታ አለው፤ በተጠራ ቁጥር ከዚያ ሁኔታ አንድ ቁጥር አስልቶ ይመልሳል፤ ሁኔታውንም ያሻሽላል። ወላጁ ማመንጫውን ዘር በሚባለው መነሻ ቁጥር ካስጀመረ በኋላ ፎርክን ሲጠራ ይህ ሁኔታ እንደ ማንኛውም ተለዋዋጭ ለአራቱም ልጆች ይቀዳል። አራቱም ከአንድ ሁኔታ ስለሚነሡ አንድ ዓይነት ቁጥሮችን ያመነጫሉ። ዘሩ ጨርሶ ባይሰጥም ውጤቱ አይለወጥም፤ የሲ ቋንቋ መደበኛ ድንጋጌ እንዲህ ባለ ጊዜ ራንድ የተባለው ፈንክሽን ዘሩ 1 እንደሆነ ተቆጥሮ እንዲሠራ ያዝዛል።

ችግሩን ለማስወገድ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ በእያንዳንዱ ልጅ ውስጥ ማመንጫውን በሰዓት ማስጀመር ነው። ነገር ግን ታይም የተባለው ፈንክሽን የሚመልሰው ጊዜ በሰከንድ የተለካ ነው። አራት ልጆች የሚፈጠሩት ከአንድ ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ የአራቱም ዘር በአብዛኛው ያው ይሆናል። ሰዓቱን ከሂደቱ መለያ ቁጥር ጋር ማቀናጀት ይህን ችግር ይቀርፋል፤ ሆኖም ሌላ ያመጣል። መለያ ቁጥሩ በየጊዜው ስለሚለያይ ሙከራውን በትክክል መድገም አይቻልም። ሊደገም የማይችል ውጤት ደግሞ በምርምር ውስጥ ያለው ዋጋ አነስተኛ ነው።

የተሻለው መንገድ ዘሮቹን ወላጁ እንዲያድል ማድረግ ነው። ወላጁ ልጆቹን ሲፈጥር ከሉፑ ተራ ቁጥር ጋር የተያያዘና አስቀድሞ የታወቀ ዘር ለእያንዳንዱ ይመድባል፤ የተመደበውንም ከውጤቱ ጋር ይመዘግባል። ተጓዳኝ ዘሮች በአንዳንድ ደካማ ማመንጫዎች ላይ ተዛማጅነት ያላቸው ቁጥሮችን ሊያስገኙ ስለሚችሉ ነጻ ጅረቶችን ለማቅረብ የተነደፈ ማመንጫ መምረጥ ይመከራል።

ስሕተቱ መኖር አለመኖሩን ለመፈተሽ የልጆቹን ውጤቶች በተናጠል ማየት ይበቃል። እያንዳንዱ ልጅ 1,000,000 ነጥብ ሲጥል በሩብ ክቡ ውስጥ የሚያርፉት ነጥቦች ቁጥር በአማካይ 785,398 ገደማ፣ መደበኛ ልይይቱም 411 ገደማ ነው። ሁለት ነጻ ልጆች በትክክል አንድ ዓይነት ቁጥር የሚያገኙበት ዕድል ከ1,450 አንድ አካባቢ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ካመጡ መመሳሰሉ የውጤቱን አስተማማኝነት አያሳይም፤ የሚያሳየው የዘሩን መባዛት ነው። ውጤቶቹ ተደምረው ብቻ የሚቀርቡ ከሆነ ግን ይህ ምልክት ይሰወራል። ችግሩም በሲ ቋንቋ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የፓይተን ተጠቃሚዎች በፎርክ በተፈጠሩ ሂደቶች ውስጥ የነምፓይን የጋራ ማመንጫ ሲጠቀሙ ተመሳሳይ ሁኔታ ያጋጥማቸዋል።

የተጋራ ፋይልና የተባዛ ባፈር

ማህደረ ትውስታ ሲቀዳ የተከፈቱ ፋይሎች ግን ይጋራሉ። ልጁ የሚወርሰው የፋይል መለያ ቁጥሮችን ነው፤ ቁጥሮቹ የሚያመለክቱት ግን በከርነሉ ውስጥ ወዳለ አንድ የጋራ መዝገብ ነው። ፋይሉ እስከ የት እንደተነበበ ወይም እንደተጻፈ የሚያሳየው ቦታ የሚቀመጠው በዚሁ መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ወላጁ የከፈተውን ፋይል ልጁ 100 ባይት ቢያነብ ወላጁ ቀጥሎ የሚያነበው ከ101ኛው ባይት ጀምሮ ነው። አራት ልጆች ከአንድ የተወረሰ ፋይል ላይ ዳታ ቢያነቡ እያንዳንዱ የሚያገኘው ሙሉውን ዳታ ሳይሆን ሌሎቹ የተዉለትን ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ፋይሉን ለራሱ እንደገና ቢከፍት ችግሩ ይወገዳል።

በቅጂና በጋራ ሀብት መካከል የሚፈጠረው ግራ መጋባት በይበልጥ የሚታየው በፕሪንትኤፍ ላይ ነው። ፕሪንትኤፍ ጽሑፉን በቀጥታ ወደ ፋይሉ አይልክም፤ በሂደቱ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ባለ ባፈር ያቆየዋል። ውጤቱ ወደ ተርሚናል የሚሄድ ከሆነ ባፈሩ በየመስመሩ መጨረሻ ይራገፋል። ወደ ፋይል የሚሄድ ከሆነ ግን እስኪሞላ ወይም ሂደቱ እስኪያበቃ ይጠብቃል። በዚህ መካከል ፎርክ ቢጠራ ያልተራገፈው ጽሑፍ ከማህደረ ትውስታው ጋር አብሮ ይቀዳል።

የፓይ ግምት ፕሮግራሙ ልጆቹን ከመፍጠሩ በፊት የአንድ ቅድመ ሙከራ ውጤት በአንድ መስመር ያሳትማል እንበል። በተርሚናል ላይ ሲሞከር መስመሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል። ያው ፕሮግራም ውጤቱን ወደ ፋይል እንዲጽፍ ሲደረግ መስመሩ አምስት ጊዜ ይገኛል፤ አንዱ ከወላጁ፣ አራቱ ከልጆቹ። ፋይሉን ተቀብሎ አማካይ የሚያሰላ ሌላ ፕሮግራም የቅድመ ሙከራውን ውጤት አምስት ጊዜ ይቆጥረዋል። ፕሮግራሙ በተርሚናል ላይ ስለተፈተሸ ትክክል ነው የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይፈርሳል።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያ ወላጁ ፎርክን ከመጥራቱ በፊት ኤፍፍላሽ በተባለው ፈንክሽን ባፈሩን ያራግፋል። ቀጥሎም ልጁ በተለመደው ኤግዚት ፈንታ በስር ሰረዝ በሚጀምረው ኤግዚት ያበቃል። የኋለኛው የተወረሱ ባፈሮችን ሳያራግፍ፣ ወላጁ ለፍጻሜ ያስመዘገባቸውንም ፈንክሽኖች ሳያስኬድ በቀጥታ ወደ ከርነሉ ይሄዳል። ይሁንና ልጁ ራሱ በፕሪንትኤፍ የጻፈው ነገር ካለ ከማብቃቱ በፊት ራሱ ሊያራግፈው ይገባል፤ አለበለዚያ ጽሑፉ ይጠፋል።

ውጤትን ለወላጅ ማድረስ

ልጁ ቁጥሩን ለወላጁ የሚያደርስበት የተለመደ መንገድ ፓይፕ ነው። ፓይፕ ሁለት ጫፍ ያለው የከርነል ቧንቧ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ይጻፋል፣ በሌላው ይነበባል። ከፎርክ በፊት ከተፈጠረ ሁለቱም ጫፎች ለልጁ ይወረሳሉ። ልጁ የማይጠቀምበትን የንባብ ጫፍ፣ ወላጁም የማይጠቀምበትን የጽሕፈት ጫፍ መዝጋት አለባቸው። አንባቢው የመልእክቱን ፍጻሜ የሚያውቀው የጽሕፈት ጫፉን የያዘ ማንም ሲጠፋ ነው። ወላጁ የጽሕፈት ጫፉን ሳይዘጋ ቢያነብ የሚጽፍለት ሌላ ሂደት ባይኖርም እንኳ የራሱን እጅ እየጠበቀ ለዘላለም ይቆማል።

የቅደም ተከተል ጉዳይም አለ። በሊኑክስ ላይ የአንድ ፓይፕ የተለመደ ይዞታ 65,536 ባይት ነው። ልጁ ከዚህ የሚበልጥ ውጤት ቢጽፍና ወላጁ ከማንበቡ በፊት የልጁን ፍጻሜ ቢጠብቅ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ልጁ ቧንቧው እስኪቀልለት፣ ወላጁ ልጁ እስኪያበቃ ይጠባበቃሉ። ስለዚህ ወላጁ አስቀድሞ ማንበብ፣ ከዚያ በኋላ ፍጻሜውን መጠበቅ አለበት። አራት ልጆች በአንድ ፓይፕ ቢጠቀሙም በሊኑክስ ከ4,096 ባይት የማይበልጥ እያንዳንዱ ጽሕፈት ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል እንደሚገባ የተረጋገጠ ነው። የፓይ ግምት ልጆች የሚልኩት አንድ ቁጥርና የራሳቸውን ተራ ብቻ ስለሆነ ይህ ይበቃቸዋል።

የልጅ ፍጻሜና የወላጅ ኃላፊነት

ልጅ ሂደት ሲያበቃ ማህደረ ትውስታውና ፋይሎቹ ይለቀቃሉ፤ እሱን የሚመለከት አነስተኛ መዝገብ ግን በከርነሉ ውስጥ ይቀራል። በዚህ መዝገብ ላይ የሰፈረው ልጁ እንዴት እንዳበቃ ነው። ወላጁ በዌይት ወይም በዌይትፒአይዲ ጥሪ እስኪጠይቅ ድረስ መዝገቡ አይነሣም፤ እንዲህ ያለው ሂደት ዞምቢ ይባላል። ዞምቢ ሥራ አይሠራም፤ ሆኖም የሂደት መለያ ቁጥር ይይዛል። ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ወላጅ ልጆቹን ሳይጠይቅ በሺዎች ቢያፈራ አዲስ ሂደት መፍጠር የማይቻልበት ደረጃ ይደረሳል። በተቃራኒው ወላጁ ቀድሞ ቢያበቃ ልጁ አሳዳጊ ይሰጠዋል፤ በአብዛኛው መለያ ቁጥሩ 1 የሆነው ሂደት ይረከበዋል።

ለተመራማሪ የፍጻሜው መዝገብ ዋነኛ ጥቅም ሌላ ነው። ልጁ ሥራውን ጨርሶ ነው ያበቃው ወይስ ተገድሎ? ማሽኑ የማህደረ ትውስታ እጥረት ሲያጋጥመው ከርነሉ አንዱን ልጅ 9 ቁጥር ምልክት ልኮ ሊያጠፋው ይችላል። ወላጁ ይህን ሳይመረምር ከሦስት ልጆች የመጣውን ድምር ለ4,000,000 ቢያካፍለው ፓይ 2.36 ገደማ ሆኖ ይወጣል፤ የፓይ ዋጋ ስለሚታወቅ ስሕተቱ ወዲያውኑ ይለያል። ዋጋው አስቀድሞ በማይታወቅ ጥናት ግን እንዲህ ያለው ስሕተት እንደ ግኝት ሊቆጠር ይችላል።

ልጁ በኤግዚት በኩል የሚተወው ቁጥርም ገደብ አለው። ዌይትፒአይዲ ለወላጁ የሚያደርሰው የታችኞቹን ስምንት ቢቶች፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያለውን ብቻ ነው። ልጁ 256 ስሕተቶችን አግኝቶ ይህንኑ ቁጥር ቢመልስ ወላጁ የሚያነበው 0 ነው፤ 0 ደግሞ የስኬት ምልክት ነው። ስለሆነም ውጤት በፓይፕ እንጂ በፍጻሜ ቁጥር መላክ የለበትም።

የፎርክን ውድቀት አለመመርመርም የከፋ መዘዝ ያስከትላል። ፕሮግራሙ የልጆቹን መለያ ቁጥሮች በአንድ ዝርዝር ይዞ በመጨረሻ የዘገዩትን በኪል ጥሪ የሚያቋርጥ ቢሆንና ከፎርክ ጥሪዎቹ አንዱ ባይሳካ በዝርዝሩ ውስጥ አሉታዊ 1 ይገባል። ለኪል ጥሪ አሉታዊ 1 የአንድ ሂደት ቁጥር አይደለም፤ ጠሪው ምልክት ለመላክ ፈቃድ ያለውን ሂደት ሁሉ የሚያመለክት ነው። ተማሪው በዚያው ሰርቨር ላይ ለቀናት ሲያስኬዳቸው የቆዩ ሌሎች ሥራዎች በአንድ ቅጽበት ሊቋረጡ ይችላሉ።

የፎርክ ወሰን

እስካሁን የቀረበው ማብራሪያ እያንዳንዱ ሂደት አንድ ትሬድ ብቻ እንዳለው የሚቆጥር ነው። ወላጁ ብዙ ትሬዶች ካሉት ወደ ልጁ የሚሻገረው ፎርክን የጠራው ትሬድ ብቻ ነው። ሌላ ትሬድ በዚያች ቅጽበት አንድ ሎክ ይዞ ከነበረ የሎኩ የተዘጋ ሁኔታ ይቀዳል፤ የሚከፍተው ትሬድ ግን በልጁ ዘንድ የለም። ልጁ ያንን ሎክ የሚፈልግ ፈንክሽን በጠራ ጊዜ ይቆማል። በ2019 የማይክሮሶፍት ሪሰርች፣ የቦስተን ዩኒቨርሲቲና የኢቲኤች ዙሪክ ተመራማሪዎች በጋራ ያቀረቡት ጽሑፍ ይህንንና ሌሎች ምክንያቶችን በመዘርዘር ፎርክ ለዘመኑ ሥርዓቶች እንደማይመች ተከራክሯል። የፓይተን ቋንቋም ከ3.14 እትም ጀምሮ በሊኑክስ ላይ የብዙ ሂደት ሥራን ያለ ልዩ ትእዛዝ በቀጥታ በፎርክ ማስጀመር ትቷል።

ልጁ ሌላ ፕሮግራም እንዲያስኬድ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ፎርክን ከኤግዜክ ጋር አጣምሮ መጠቀም ወይም ሁለቱን በአንድነት የሚፈጽመውን ፖዚክስ ስፖውን መምረጥ ይቻላል። ኤግዜክ የተወረሰውን ማህደረ ትውስታ በሙሉ በአዲሱ ፕሮግራም ስለሚተካ የተባዛ ባፈርና የተባዛ ዘር ችግር በዚህ መንገድ አይኖርም። የተከፈቱ ፋይሎች ግን በኤግዜክ ጊዜ እንዲዘጉ ምልክት ካልተደረገባቸው ይሻገራሉ።

ማጠቃለያ

ፎርክ ልጅን ከባዶ አይፈጥርም፤ በአንድ ቅጽበት ያለን ወላጅ ሁኔታ ያወርሳል። በዚያች ቅጽበት በማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ያልተራገፈ ባፈርም ሆነ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ ሁኔታ፣ የውርሱ አካል ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ከፎርክ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው። ባፈሮች ይራገፋሉ፤ ፓይፑ ይዘጋጃል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሰጠው ዘር ይወሰናል። ከፎርክ በኋላ ሦስቱም ቅርንጫፎች ይመረመራሉ፤ ልጁ ሥራውን ሲጨርስ በዚያው ቅርንጫፍ ውስጥ ያበቃል። ወላጁ ውጤቱን ያነባል፤ ከዚያም እያንዳንዱን ልጅ በመለያ ቁጥሩ ጠይቆ አፈጻጸሙን ያረጋግጣል። ከድምሩ ጋር የእያንዳንዱን ልጅ ዘርና ውጤት በተናጠል ይመዘግባል።

ከእነዚህ እርምጃዎች መካከል ፕሮግራሙን ለማስኬድ የግድ የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቀሩት ቢታለፉም ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ቁጥርም ያወጣል። በፓይ ግምት ፕሮግራሙ ላይ እንደታየው ያ ቁጥር ትክክለኛ መምሰሉ ነው ይበልጥ የሚያሳስበው። በበርካታ ሂደቶች የተገኘ ውጤት በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ሲቀርብ ዘሮቹ እንዴት እንደተመደቡና ስንት ልጆች በትክክል ሥራቸውን እንደፈጸሙ መግለጽ የዘዴው ማብራሪያ አካል ሊሆን ይገባል።